የታመቀ ጋዝን በመኪና ስለ ማጓጓዝና ስለ ባለንብረቱ ኃላፊነት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር የሚወስዱት መንገዶች የሚለያዩባት የወረታ ከተማ የፎገራ ሜዳ ሩዝና ሽንኩርት የሚሸጥባት ገበያ መሆኗ የታወቀ ነው። የሩዝ መፈልፈያው በተሰበረ፣ የውሃ መሳቢያው ሞተር በተሰነጠቀ ጊዜ በያጅ መጥራት ግድ ስለሚሆን፣ ከእህሉ ጆንያ ጎን የኦክስጅንና የአሲቲሊን ሲሊንደር፣ በጋራዥ አነጋገር ቦምቦላ፣ አዘውትሮ ይጫናል። ለሻይ ቤቶችና ለምግብ ቤቶች የሚሆነው የማብሰያ ጋዝም በዚያው መንገድ ይመጣል። ሆኖም ይህ ዕቃ እንደ ሌላው ሸቀጥ ተወርውሮ የሚጫን አለመሆኑን ልብ የሚል ባለመኪና ብዙ አይደለም።

40 ሊትር የሚይዝ የኦክስጅን ሲሊንደር ሞልቶ ሲመጣ ግፊቱ 150 ባር ያህል ነው። የትንሽ መኪና ጎማ ነፋስ 2 ባር ገደማ መሆኑን ለሚያስብ ሰው ይህ ሰባ አምስት እጥፍ ማለት ነው፤ በውስጡም 6,000 ሊትር ያህል ጋዝ ታምቋል። ብረቱ ወፍራም ነው፤ ደካማው ቦታ አንገቱ ነው። ሲሊንደሩ ወድቆ ቫልቩ ቢሰበር ያ ሁሉ ብረት እንደ ሮኬት ተወርውሮ ግድግዳ ሊያፈርስ ይችላል። ቆቡ የተሠራው ይህን ለመከላከል ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ግን በሥራ ቤቱ ጥግ ተጥሎ ይገኛል።

ጉዳት ቢደርስ ካሣው በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ለነጋዴው ዋና ጥያቄ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው እንኳ ቢነዳው፣ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ቁጥር 2069 ደግሞ የሚፈነዱ ነገሮችን በማከማቸት ወይም በመጠቀም ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ያደርገዋል። የጋዝ ሲሊንደር ከእነዚህ መቆጠሩ ለዳኛ የሚተው ቢሆንም፣ በዚህ ክርክር ተስፋ አድርጎ መኪናውን የሚያሰማራ ነጋዴ ብልህ አይባልም። ሰው የሞተ እንደ ሆነ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት መግደልን ይቀጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስገነዝብ ያዛል። እንግዲህ «የጫነው ሾፌሩ ነው» የሚለው መልስ ባለንብረቱን አያድነውም።

አጫጫኑ ግን ከባድ ጥበብ አይጠይቅም። ሬጉላተሩ ይፈታል፤ ቫልቩ ይዘጋል፤ ቆቡ ይጠብቃል፤ ሲሊንደሩም ቆሞ ከጭነት ሳጥኑ የፊት ግድግዳ ጋር በሰንሰለት ወይም በጠንካራ የጭነት ቀበቶ ሁለት ቦታ ላይ ይታሰራል። ሲባጎ አይበቃም። ከወረታ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ ዳገት ነው፤ በመልሱ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጭነቱ ሁሉ ወደ ሾፌሩ ይገፋል። «ባዶ ነው» የሚባለውም እንደ ሙሉው ሊታሰር ይገባዋል፤ ጥቂት ጋዝ አይጠፋበትምና። አሲቲሊን በሲሊንደሩ ውስጥ በአሴቶን ፈሳሽ ሟምቶ የሚቀመጥ ስለ ሆነ፣ ተጋድሞ መጥቶ ወዲያው ቢከፈት ፈሳሹ አብሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ለብዙ ሰዓት ቆሞ ሳይቆይ አይከፈትም። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሾልኮ ከወጣ በተዘጋ መኪና ወለል ላይ ይጠራቀማልና ከተሳፋሪ ጋር በሚኒባስ ውስጥ መጫን ፈጽሞ አይገባም።

ለፎገራ ይበልጥ የሚያሳስበው የጭነት መቀላቀል ነው። በበጋ ለመስኖ ሞተሮች ናፍታ በጀሪካን፣ የሞተር ዘይትና ግሪስም ሲጫን፣ ሲሊንደሩ በዚያው ፒክአፕ ላይ ይታከልበታል። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ ነገር ግን በግፊት ወጥቶ ዘይት ወይም ግሪስ ያገኘ እንደ ሆነ ያለ ክብሪት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በዘይት የተነከረ ጨርቅ እንኳ ወደ ቫልቩ መቅረብ የለበትም።

ሲሊንደር የማይገዛ በያጅ ካርባይድን ከውሃ አገናኝቶ አሲቲሊን ያወጣል፤ ከአንድ ኪሎ 300 ሊትር ያህል ጋዝ ይገኛል። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን በሚያጥለቀልቁበት ወራት፣ ውሃ የገባበት የካርባይድ በርሜል መኪና ላይ እንዳለ ጋዝ መሥራት ይጀምራል። በመሆኑም በርሜሉ ክዳኑ ጠብቆ፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ ከወለሉ ከፍ ባለ እንጨት ላይ መጫን አለበት። ረጥቧል ተብሎ የተጠረጠረ በርሜል በመዶሻና በመሮ አይከፈትም፤ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። እሳት ከተነሳም የሚያስፈልገው ውሃ ሳይሆን ደረቅ አሸዋ ነው፤ እርሱም በከረጢት ተሞልቶ በመኪናው ላይ ሊገኝ ይገባል።