አዲስ አበባ ያለችው እናትና ያልተከፈለው ዕዳ

አሁን የምነግራችሁን በስብሰባ ላይ አናነሳውም፤ ኮሪደር ላይ ግን እርስ በርሳችን እናወራዋለን። ሥራዬ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ለአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በኮንትራት በሚሠራ ኩባንያ፣ የሠራተኞችን የክሊራንስ፣ ማለትም ምስጢራዊ መረጃ የማየት ፈቃድ፣ ወረቀት መከታተል ነው። ሐበሻ አመልካች ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ «እናቴ አዲስ አበባ ናት፤ አይሰጡኝም አይደል?» ይለኛል። የክሬዲት ካርድ ዕዳውን ግን እኔ ካልጠየቅሁት አያነሳውም። ፋይል የሚጥለው ደግሞ ከእናት ይልቅ ብዙውን ጊዜ ዕዳ ነው።

ውሳኔ ሰጪዎቹ የሚመዝኑበት መመሪያ ለማንም ክፍት ነው። ሲያድ 4 ይባላል፤ ከጁን 8 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። ከኤ እስከ ኤም 13 ነጥቦች አሉት። በየነጥቡ ሥር መጀመሪያ የሚያስጠረጥሩ ነገሮች፣ ቀጥሎ ጥርጣሬውን የሚያቀሉ ነገሮች ተዘርዝረዋል። የከፈተው ሁሉ የመጀመሪያውን ዝርዝር አይቶ ይደነግጥና ይዘጋዋል። የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው።

ከመመሪያው የበለጠ የሚያስተምረው ግን ሌላ ነው። ክሊራንስ ሊከለከሉ የተቃረቡ የኮንትራት ሠራተኞች ጉዳይ የሚታየው በመከላከያ ሚኒስቴር የችሎትና ይግባኝ ቢሮ ነው፤ እኛ ዶሃ እንለዋለን። ዳኞቹ የሚጽፉት ውሳኔ የአመልካቹ ስም ተሰርዞ ለሕዝብ ይለቀቃል። በገንዘብ ጉዳይ፣ ማለትም በነጥብ ኤፍ፣ የተሰጡትን ጥቂቶቹን ብቻ አንብቡ። ሥራ አጥቶ፣ ታሞ ወይም ተፋቶ ዕዳ ውስጥ የገባ ሰው ሲያልፍ ታያላችሁ፤ ለአበዳሪው ደውሎ፣ ተስማምቶ፣ በየወሩ የከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ የቀረበ ከሆነ። ደህና ደመወዝ እያለው ለዓመታት ታክስ ያላሳወቀ ሰው ደግሞ ሲወድቅ ታያላችሁ። ዳኛው ከዕዳው መጠን ይልቅ የሰውየውን ጠባይ ነው የሚያየው።

እዚህ ላይ የኛ ሰው ችግር ይመጣል፤ ወረቀት የለውም። ዕዳውን በዕቁብ ገንዘብ ዘግቶ «ከፍያለሁ» ይላል፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ የሚያሳየው የለም። ለአባቱ ሕክምና በመንገደኛ እጅ ገንዘብ ልኮ ማስረጃ ያጣል። ዕቁብ መግባት ነውር የለውም፤ ግን ጸሐፊው ፈርሞበት የሚሰጣችሁ አንዲት ገጽ ቢኖራችሁ ያን ቀን ትድናላችሁ።

ስለ እናትም ልመለስ። ነጥብ ቢ የውጭ አገር ተጽዕኖን ይመለከታል። ዳኞች ከወላጅና ከእህት ወንድም ጋር ያለን ግንኙነት እንደ ተራ ትውውቅ አያዩትም፤ ስለዚህ «ብዙም አንደዋወልም» ማለት አያዋጣም፣ ደግሞም ማንም አያምነውም። የሚመዝኑት ዘመዶቻችሁ ምን እንደሚሠሩ፣ ከመንግሥት ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው፣ አገሩ ያለበትን ሁኔታ፣ በሌላው ወገን ደግሞ እዚህ የመሠረታችሁትን ትዳር፣ ቤትና ኑሮ ነው። ጡረታ የወጣች እናት ብቻዋን ፋይል ስትጥል እኔ አላየሁም።

የሚያስቸግረው የተደበቀው ነው። ኤስኤፍ 86 የሚባለው፣ ከመቶ ገጽ የሚበልጠው ፎርም፣ ውጭ አገር ያለን የገንዘብ ጥቅም ሲጠይቅ ሌላ ሰው በእናንተ ፈንታ የያዘውንም ይጨምራል። ስለዚህ ቦሌ ያለው ቤት በወንድማችሁ ስም መሆኑ ከጥያቄው አያወጣችሁም። ለውጭ አገር ዜጋ የገንዘብ ድጋፍ አድርጋችሁ ታውቁ እንደሆነም ይጠይቃል፤ በየወሩ ለእማማ የምትልኩት ማለት ነው። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድም አለ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ ካርዱ ዜግነት አይደለም፤ ነገር ግን መመሪያው ሌላ አገር የሰጠውን መታወቂያ ሲጠየቁ አለመግለጽን ራሱን የቻለ ጥፋት አድርጎ ጽፎታል። ካርዱን አውጥቶ ማሳየት ይሻላል።

የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት ስላገኘ ብቻ ማንም በክፉ እንደማይታይ መመሪያው ራሱ ይናገራል። ይህን የምጠቅሰው የኛ ሰው ከዕዳው ይልቅ ይህን ስለሚደብቅ ነው።

የቀረው ነጥብ ኢ ነው፤ ሐቀኝነት። ዕዳ ይቃለላል፣ ዘመድ ይቃለላል፣ ውሸት ግን ሌላውን ሁሉ ያበላሻል፤ በፎርሙ ላይ አውቆ መዋሸት እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ወንጀልም ነው። የዘለላችሁት ነገር ካለ መርማሪው ሳያነሳባችሁ ራሳችሁ አስተካክሉት፤ ይህ ከሚያቀሉት ነገሮች መካከል ተጽፏል። ካነሳው በኋላ ማስተካከል ዋጋው ሌላ ነው።

«መብቴ ነው» እያሉ የሚመጡም አሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 በኢገን ጉዳይ ማንም ክሊራንስ የማግኘት መብት እንደሌለው ወስኗል፤ ጥርጣሬ ከቀረም የሚፈታው ለአገር ደኅንነት ነው።

ስለዚህ ኩባንያው ፎርሙን ሙሉ ሳይላችሁ የክሬዲት ሪፖርታችሁን ከሦስቱም ድርጅቶች አውጡ፣ ያልገባ ታክስ ካለ አስገቡ፣ ሁለት ሦስት የዶሃ ውሳኔ አንብቡ። የተጠረጠራችሁበት ምክንያት ተዘርዝሮ ደብዳቤ ከመጣ በኋላ መልስ ለመጻፍ የሚሰጣችሁ ጊዜ 20 ቀን ነው።