መኝታሽ ከሥራሽ ጋር ሲሄድ

ውድ እህቴ፣ ሪያድ ከገባሽ ጀምሮ የምትተኚበትን አልጋ እስቲ አስቢው። አልጋው የማዳም ነው፤ በሩም ቁልፉም የማዳም ነው። ሥራው የቀረ ቀን መኝታውም አብሮ ይቀራል። የሃያ ዓመት ልጅ፣ ዘመድ በሌላት ከተማ፣ በአንድ ሌሊት ቤት አልባ የምትሆነው እንዲህ ነው።

ያ ቀን ሲመጣ ብዙዎቻችን መንፉሃን እናስባለን። አማርኛ ይሰማል፤ በጋራ በተከራዩት ክፍል ፍራሽ አይጠፋም። ነገር ግን «ሁሩብ» የተባለች ልጅ ኢቃማዋ አይሠራላትም፤ ደላላ እጅ ትወድቃለች፤ ደመወዟን ቢከለክሏት ለማን ትከሳለች? በ2006 ዓ.ም. የምሕረት ጊዜው ሲያበቃ በዚያው ሰፈር ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። በጥቂት ወራት ውስጥም ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳውዲ ወደ አገር ቤት ተመለሱ።

ቦሌ መድረስስ መጨረሻ ነው? ለመንገዷ ቤተሰቧ የተበደረውን እያሰበች ባዶ እጇን ቤት መግባት ያቃታት ስንት ናት! ለእንዲህ ያለችው አዲስ አበባ ውስጥ ማረፊያ አለ። አጋር ኢትዮጵያ የበጎ አድራጎት ማኅበር ከአረብ አገር የተመለሱ ሴቶችን ተቀብሎ ያስጠጋል። በ2003 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ከነልጆቻቸው ያስጠልላል። በእነዚህ ቤቶች ሕክምና፣ የሚያዳምጥ አማካሪና የሙያ ሥልጠና አለ። ቆይታው ጊዜያዊ ነው፤ ዓላማው በራሷ እግር እንድትወጣ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የምታገኘው ጊዜ ነው። ተርባ፣ መኝታ አጥታ የምትወስን ልጅ የመጣላትን ሁሉ ትቀበላለች። በልታ፣ ተኝታ ያደረች ግን መምረጥ ትችላለች።

እህቴ፣ ሳትቸገሪ በፊት ተዘጋጂ። የፓስፖርትሽን፣ የኢቃማሽንና የኮንትራትሽን ፎቶ ለምታምኛት እህትና ለቤተሰብሽ ላኪ። የኤምባሲውን ስልክ በቃልሽ ያዢ። ደመወዝሽን ሁሉ ወደ አገር ቤት አትላኪ፤ ጥቂቱን በስምሽ አስቀምጪ። በሪያድ መንግሥት ለቤት ሠራተኛ ሴቶች ያዘጋጀው መጠለያ እንዳለም እወቂ፤ ጉዳያቸው እስኪያልቅ በዚያ የሚቆዩ አሉ።

አንድ ቀን ደግሞ አንዲት ልጅ እያለቀሰች ትደውልልሽ ይሆናል። ልብሽ «ደብቂያት» ይልሻል። ነገር ግን ጠፍታ የወጣችን ሰው መደበቅ በሳውዲ ሕግ ያስቀጣል፤ እርሷንም ከዚያ ወዲያ የሚከራከርላት ታጣለች። አረጋጊያት፤ ለደላላ እንዳትሰጥ ንገሪያት፤ ወደ ኤምባሲው የምትደርስበትን መንገድ አሳያት። ስልኩን ቶሎ አትዝጊባት። በዚያ ሌሊት ያላት ማረፊያ የአንቺ ድምፅ ብቻ ሊሆን ይችላል።