ወይን፣ ሚጥሚጣ እና የመተማ ሙቀት

መተማ ዮሐንስ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የጠረፍ ከተማ ናት። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ የሚደነቅ የለም። ሰው ቀኑን በጥላ ያሳልፍና ጥብስ የሚያምረው አመሻሽ ላይ ነው። ቆላው በሰሊጥና በጥጥ ቢታወቅም የፍየል አገርም ነውና ፍም ላይ የሚጣለው በአብዛኛው ፍየል ነው። ሥጋው ከነስቡ ተቆርጦ ጨው ይነሰነስበትና ከሰሉ ላይ ይደረደራል። ስቡ ቀልጦ ጠብ ባለ ቁጥር ፍሙ ይንጨረጨራል፤ ጭሱም ተመልሶ ሥጋውን ያጥነዋል። ጎን ለጎን አዋዜና ሚጥሚጣ ይቀርባል። ከድንበሩ ማዶ ያሉት ሱዳኖች ደግሞ የራሳቸው ሸያ የሚሉት የከሰል ጥብስ አላቸው፤ የሚያጅበውም ሎሚ የተጨመቀበት ሻጣ የሚባል የቃሪያ ማባያ ነው። በሱዳን በኩል ያለችውን ጋላባትንና መተማን የሚለያቸው አንድ ደረቅ ወንዝ ስለሆነ ጣዕሙም ወዲያ ወዲህ ይሻገራል።

እንዲህ ያለ ጥብስ ሲቀርብ ምን ይጠጣል? አብዛኛው ሰው ሳያስብ ቢራ ያዛል። እኔ ግን በወይን በኩል መግባት እፈልጋለሁ፤ ወይን የሚያቃጥል ምግብ ፊት ሲቀርብ ጉዱ ቶሎ የሚገለጥ መጠጥ ነውና።

ጥያቄው በካሪቢያን ደሴቶችም ያለ ነው። ጃማይካኖች ጀርክ የሚሉት ጥብስ አላቸው። ዶሮው ወይም አሳማው ስኮች ቦኔት በተባለ እጅግ የሚያቃጥል ቃሪያ፣ በጦስኝና በፒሜንቶ ፍሬ ታሽቶ ያድራል፤ ከዚያ በዚያው በፒሜንቶ ዛፍ እንጨት ጭስ ቀስ ብሎ ይበስላል። ከጀርክ ጋር የትኛው ወይን ይሄዳል ተብለው የሚጠየቁ ባለሙያዎች የሚሰጡት መልስ ለመተማው ፍየልም ሳይቀየር ይሠራል። ምክንያቱም ጉዳዩ ያለው ከአገሩ ይልቅ ምላሱ ላይ ነው።

በርበሬን የሚያስቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ነገሩ ጣዕም አይደለም። አፋችን ውስጥ እሳት ሲነካን «ተቃጠልክ» ብለው ለአንጎል የሚናገሩ ተቀባዮች አሉ፤ ካፕሳይሲን እነሱን ያለ እሳት ይቀሰቅሳቸዋል። ዴቪድ ጁሊየስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን ተቀባይ ከባልደረቦቹ ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ለይቶ አሳየ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋራበት። ተቀባዩ በተለምዶ የሚነቃው ሙቀቱ ወደ 42 ዲግሪ ሲደርስ ነው። አልኮል ሲያገኘው ግን ይህ ወሰን ወደ 34 ዲግሪ ይወርዳል። የሰውነታችን ሙቀት 37 ነው። ስለዚህ ሚጥሚጣ በነካው አፍ ላይ አረቄ የሚደፋ ሰው እሳቱን በገዛ እጁ ያራግባል፤ «አረቄ በርበሬን ያበርዳል» የሚለው የጠጪዎች ጨዋታ እዚህ ላይ ያበቃል።

በቀይ ወይን ውስጥ ሌላም ተባባሪ አለ። ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ የሚወጣው ታኒን ምራቅን እየያዘ አፍን ያደርቃል፤ በጣም የከረረ ሻይ ምላስን እንደሚይዘው ማለት ነው። ስብ ባለው ሥጋ ላይ ታኒን ሸጋ ነው። ሚጥሚጣ ሲጨመርበት ግን የደረቀው አፍ ይባስ ይነዳል። ከዝዋይ የሚመጣው የሪፍት ቫሊ ካበርኔ ሶቪኞን በአዲስ አበባ ብርድ፣ ቅመም ካልበዛበት ጥብስ ጋር የማልጠላው ወይን ነው። መተማ ላይ በአዋዜ ግን አልመክረውም። ጠርሙሱ ላይ ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣ የሚለውም ምክር የአውሮፓን ቀዝቃዛ ቤት ያሰበ ነው፤ 16 ወይም 18 ዲግሪ ማለት ነው። በመተማ የክፍል ሙቀት ወይኑን ለብ ያደርገዋል፤ ለብ ያለ ወይን ደግሞ ከፍሬው ይልቅ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል።

ታዲያ የሚሆነው የትኛው ነው? ቀዝቀዝ ያለ፣ አልኮሉ የቀነሰ፣ ኮምጠጥ ያለና ስኳር ያልተለየው። ፈረንጆቹ የጀርመኑን የሞዝል ሪስሊንግ የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ ከነጣፋጭነቱ አልኮሉ ብዙ ጊዜ 8 እና 9 በመቶ ላይ ይቆማል። ስኳሩ ቃጠሎውን ያለዝባል፤ ኮምጣጣነቱ ስቡን ያጥባል። ከእኛዎቹ ለዚህ ሥራ የሚቀርቡት የወይን አዋቂ ነን ባዮች የሚንቋቸው ናቸው፤ የአዋሽ ወይን ጠጅ አክሱሚትና የካስቴል አካሺያ ሚዲየም ስዊት። ጣፋጭ ወይን የጀማሪ ነው የሚባለው ከአዋዜ ጋር አብሮ ያልቀመሰው ሰው የሚያወራው ነው። ከበረዶ ውሃ ውስጥ የወጣ አካሺያ በሚጥሚጣ ከተነከረ የፍየል ጎድን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይሻላቸዋል። ጉደር የተባለውን ቀይ ወይን በአምቦ ውሃ ወይም በስፕራይት እየበረዙ የሚጠጡትም ሲታሙ ኖረዋል። እነሱ ግን አልኮሉን አሳንሰዋል፣ በስፕራይት የበረዙት ስኳርም ጨምረዋል፣ አቀዝቅዘዋል፤ ለሚያቃጥል ጥብስ ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም። ጋዙ ብቻ በተቃጠለ ምላስ ላይ ትንሽ ይወጋል።

ጠጅስ? ጠጅ ማር ስለሆነ ወደ መልሱ ይቀርባል፤ ግን እንደ ጠጁ ነው። ደረቅ የሆነው አልኮሉም የጌሾው ምረትም ይበዛል፤ ከቃሪያ ጋር ይጣላል። ለስላሳው ይሻላል፤ ገና ያልፈላው ብርዝ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። በነገራችን ላይ አዋዜው ራሱ ብዙ ጊዜ የሚበጠበጠው በጠጅ ወይም በአረቄ ነው፤ መጠጡ ከማባያው ቀድሞ ገብቷል።

ቆላው ግን የራሱ መልስ አለው፤ ከርከዴ። ሱዳን ውስጥ በሰፊው የሚመረት፣ በጠረፉም በየሻይ ቤቱ የሚገኝ ነው። አበባ ይባላል እንጂ የሚደርቀው አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረው ቀይ ሽፋን ነው። ሲደርቅ ወደ ጥቁር ያደላል፤ ውሃ ሲነካው ደም ይመስላል። አፍልተው የሚጠጡት አሉ። ለጥብስ የሚሆነው ግን በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ የሚያድረው ነው፤ ሲፈላ የሚመጣው መጎምዘዝ በዚህኛው ላይ ይቀንሳል። ማለዳ ይጠለላል፣ ስኳር ይገባበታል፣ ይቀዘቅዛል። ቀይ ነው፣ ኮምጣጣ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ አልኮል የለውም። ፈረንጆቹ በሪስሊንግ የሚፈልጉት ሁሉ በአንድ ብርጭቆ፣ በጥቂት ብር።

የሚገርመው ጃማይካም ይኸው ተክል አለ። እዚያ ሶረል ይባላል፤ በዝንጅብል ይዘፈዘፍና ለገና በየቤቱ ይቀዳል፤ ለሚወድ ሮም ይጨመርበታል። ተክሉ የአፍሪካ ነው፤ አትላንቲክን የተሻገረው በባሪያ ንግድ ዘመን ነው። በርበሬው ደግሞ በተቃራኒው መጣ። የቃሪያ ዘር በሙሉ የአሜሪካ ተወላጅ ነው፤ አውሮፓውያን መጀመሪያ የቀመሱትም ኮሎምበስ የካሪቢያን ደሴቶችን በረገጠ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የእኛ ወጥ በጥምዝ፣ በቁንዶ በርበሬና በዝንጅብል ነበር የሚያቃጥለው። በሻሸመኔ የሰፈሩት የጃማይካ ራስተፈሪያንም ብዙዎቹ አልኮል አይነኩም፤ ስለ ጀርክና ወይን ልጠይቃቸው የሚል ሰው የሚያገኘው መልስ አጭር ነው።

ከርከዴ መተማ ላይ ሌላ ጥቅምም አለው። በአገራችን ልማድ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ስለሚታረድ ጓደኛሞች እንኳ ጥብሳቸውን አይጋሩም፤ ከርከዴውን ግን ሁሉም ይጠጣዋል። በሌላ በኩል ሱዳን በ1983 እ.ኤ.አ. የሸሪዓ ሕግ አውጃ መጠጥ ከከለከለች ወዲህ ቢራ ፈልገው ወደ መተማ የሚሻገሩ ጎረቤቶች ነበሩ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ በዚያው መንገድ የመጡት ስደተኞች ሆኑ።

ወይኑን መተው ለማይሆንለት ሰው አንድ ሐሳብ አለኝ። ወፈር ተደርጎ የተዘፈዘፈ፣ ስኳር ያልበዛበት ከርከዴ ብርጭቆውን ሲሶ ይሙላው፤ የቀረውን ከሚላ ወይም ሌላ ነጭ ወይን፣ ከላይ በረዶና ሎሚ። ቀለሙ የቀይ ወይን ነው፤ ታኒኑ ግን አይበረታም፣ አልኮሉም በሲሶ ቀንሷል። በረዶ የሌለበት ቤት ከገባችሁ ወይኑ ይቅርባችሁ፤ ከርከዴውን ብቻ እዘዙ።