ሕገ መንግሥቱን በአምቦ መንገድ ላይ ማስተማር

ከዓመታት በፊት በምዕራብ ሸዋ የሥነ ዜጋ መምህር ሳለሁ፣ ተማሪዎቼን ይዤ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ ሙዚየም ሄጄ ነበር። ወላጆች ለአውቶቡስ ያዋጡት ገንዘብ ቀላል አልነበረም። አስጎብኚው ዘውዱን፣ ካባውንና ጋሻውን እየጠቆመ በግማሽ ሰዓት አስጨረሰን። ስንመለስ አንዷን ተማሪ ምን እንደተማረች ብጠይቃት «ቲቸር፣ ንጉሡ ሀብታም ነበሩ» አለችኝ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ዘውዱ ፊት አቁሞ «የዚህን ሰው ሥልጣን የሚገድበው ምን ነበር?» ብሎ የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ሙዚየም ሕግን የሚያስተምረው በዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው። በጆሃንስበርግ ጋንዲና ማንዴላ የታሰሩበት የቀድሞ እስር ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም ከፈረሰው የእስረኞች ማቆያ በተወሰደ ጡብ ጭምር ተሠርቶ፣ በዚያው ግቢ እ.ኤ.አ. በ2004 ተከፍቷል። የእስር ክፍሉን አይቶ ወደ ችሎቱ የተሻገረ ልጅ የታሳሪ መብት ለምን እንደተጻፈ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በአገራችንም በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ አጠገብ በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም፣ ራሳቸው ታስረው የነበሩ ሰዎች ጎብኚ ያስጎበኙ ነበር። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው አንቀጽ 19 ከእነሱ አንደበት ሲሰማ ሌላ ክብደት አለው።

ታዲያ የአምቦ ልጅ ለዚህ ትምህርት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለበት? በበኩሌ አይመስለኝም። መንገዱ ራሱ ያስተምራልና። ከምሥራቅ እንጀምር።

የአዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን የነገሥታት ንዋያት የሚታዩበት ሙዚየም አላት። ሕንፃው መጀመሪያ የታሰበው ለቤተ መንግሥት ነበር። አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ፣ አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት፣ ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው በኋላ ተዉት። የአገሪቱ የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት እስከ 1923 ዓ.ም. አልወጣምና፣ የንጉሡ ፈቃድ በቂ ነበር። ተማሪው እዚያው ቆሞ «ዛሬስ ዋና ከተማውን ማዛወር የሚችል ማነው?» ተብሎ ይጠየቅ። አንቀጽ 49ን ያገኛል፤ አንቀጽ 105ን ገልጦ ደግሞ ይህን ለማሻሻል የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ እንደሚያስፈልግ ይረዳል።

ይኸው አንቀጽ 49 በንዑስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያላትን ልዩ ጥቅም ይደነግጋል። ጥያቄው ወደ ጊንጪና ወደ አምቦ የሚወስደን እዚህ ላይ ነው። የአዲስ አበባና የዙሪያዋን ማስተር ፕላን በመቃወም በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አምቦ ውስጥ ሰልፍ ተደርጎ ሰዎች ሞተዋል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ በጊንጪ ተማሪዎች የተጀመረው ተቃውሞ ክልሉን አዳረሰ፤ ዕቅዱም በጥር ተሰረዘ። በሰላም፣ ያለ መሣሪያ መሰብሰብንና ሰልፍ ማድረግን የሚፈቅደው አንቀጽ 30 ለእነዚህ ከተሞች የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። በየቤቱ ፎቶው የተሰቀለ ልጅ አለ።

ከአምቦ አልፎ፣ በዚሁ ዞን፣ የሜጫ ኦሮሞ ሕግ የተደነገገበት ኦዳ ቢሲል ይገኛል። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በቅርስነት በመዘገበው የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል። ተማሪው ከዛፉ ሥር ሆኖ ሕገ መንግሥቱን ቢገልጥ ፕሬዚዳንቱ ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ እንደማይመረጥ፣ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን እንዲህ ያለ ገደብ እንዳልተቀመጠ ያያል። ሌላዋ ተማሪ ደግሞ የገዳ ሥልጣን የወንዶች እንደነበር አንስታ አንቀጽ 35ን ታነብ ይሆናል። ሁለቱም ይከራከሩ።

ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ለአንድ ጉዞ አንድ ቦታ፣ አንድ ጥያቄና የሕገ መንግሥቱ ቅጂ ይበቃል። ክፍል ውስጥ አስቀድሞ አንቀጹን ማንበብ፣ ቦታው ላይ መጠየቅ፣ ሲመለሱ ግራና ቀኝ ሆኖ መሟገት ነው። አሁን የዜግነት ትምህርት በሚባለው ክፍለ ጊዜ ይህን ማድረግ ይቻላል።

የሚያስፈልገው አንድ ዋስትና ብቻ ነው፦ መምህሩ በመጠየቁ እንዳይጠየቅ። እኔ ያን ዕለት ዘውዱ ፊት ዝም ያልኩት ጥያቄው ጠፍቶኝ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው። ተማሪዎቼ ግን አንቀጽ 30ን ከእኔ በቃል ሸምድደው ወጥተው ነበር።