የማያዎቹ የትምባሆ ብልቃጥ

ዋሽንግተን በሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁመቷም ስፋቷም 6 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ አንዲት የሸክላ ብልቃጥ አለች። የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ700 አካባቢ፣ በዛሬዋ ሜክሲኮ በደቡብ ካምፔቼ ነው። ጄይ ኪስላክ የተባሉ ሰብሳቢ እ.ኤ.አ. በ2004 ለቤተ መጻሕፍቱ ካበረከቷቸው የጥንት የማያ ሕዝብ ቅርሶች አንዷ ናት።

የማያ ሸክላ ሠሪዎች፣ እንደ እኛዎቹ ሁሉ፣ ጭቃውን ቅርጽ የሚያስይዙት ያለ መንኮራኩር፣ በእጃቸው ብቻ ነበር። ብልቃጧን ያስጌጠው ሰው ግን ጸሐፊም ነበር፤ በፈዛዛው መደብ ላይ በቀጭን ብሩሽ ፊደል ጽፎባታል። ማያዎች በሸክላ ዕቃዎቻቸው ላይ የባለቤቱን ስምና የዕቃውን አገልግሎት መጻፍ ልማዳቸው ነበር። የዚህችኛዋ ጽሑፍ «የትምባሆው ቤት» ይላል።

ጽሑፍ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ አንድ ዕቃ ከተሠራበት ዓላማ ውጭ ለሌላ ነገር ሊውል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 አንትሮፖሎጂስቷ ጄኒፈር ላውሚለር-ኒውማንና ኬሚስቱ ዲሚትሪ ዛጎሬቭስኪ ከብልቃጧ ውስጥ የቀረውን ዝቃጭ መርምረው ኒኮቲን አገኙበት። ኒኮቲን ሲቃጠል የሚተዋቸው ውሁዶች ስላልተገኙ አመድ መጣያ እንዳልነበረች ታወቀ። ማያዎች ትምባሆን ማጨስ ብቻ ሳይሆን ያኝኩትም፣ ፈጭተው እንደ ሱረት ይስቡትም ነበርና ትንሽነቷ ለዱቄት የተመቸ ነው። በማያ ዕቃ ውስጥ ትምባሆ መኖሩ በቁስ ማስረጃ ሲረጋገጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ግኝቱ ይህን ያህል የሚያስደስተኝ እንዲህ ያለ ቅሪት የመቆየት ዕድሉ ጠባብ ስለሆነ ነው። በማያዎች አገር እርጥብ አፈር ውስጥ ውሃና ባክቴሪያ የዕፅዋትን ቅሪት ይበላሉ፤ ብዙዎቹ ዕቃዎች ደግሞ ለቀብር ሥርዓት በሚያገለግል ቀይ የብረት ኦክሳይድ ተሞልተው ስለተገኙ ቀድሞ ምን እንደያዙ ማወቅ ይከብዳል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ሥዕሉ ጎልቶ እንዲታይ ተብሎ ውስጡ ጭምር ታጥቦ የሚቀርበው ዕቃ ነው። ከውጭ ያለው ቀለም የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከውስጥ የሚፋቀው ቡናማ ቅርፊት ለእኔ ይበልጥብኛል።

ጽሑፍና ኬሚስትሪ ከዚህች ብልቃጥ በፊት የተስማሙት በጓቴማላ፣ ሪዮ አዙል በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1984 ከመቃብር በወጣ እንስራ ላይ ነበር። ክዳኑ ጠምዘዝ ተደርጎ ይቆለፋል፤ ገላው ላይ የተሳለው ፊደል «ካካው» ተብሎ ሲነበብ፣ ከውስጡ የተወሰደው ናሙና ቲኦብሮሚን፣ ማለትም የካካዎ መለያ የሆነውን ንጥረ ነገር ሰጠ።