ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ በማውዝ ሊከፈት ይችላል?

በጁባ ታውን ሱቅና ምግብ ቤት ከፍተው ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ስልክ የደንበኞች መዝገብም፣ ከአገር ቤት ቤተሰብ ጋር መገናኛም ነው። ስልኩ ወድቆ ስክሪኑ ለጣት አልታዘዝ ቢል፣ ምስል እስካሳየ ድረስ ተራ የኮምፒውተር ማውዝ ሊታደገው ይችላል።

አንድሮይድ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከ2011 ወዲህ ማውዝ ይቀበላል። የሚያስፈልገው ‘ኦቲጂ’ የሚባለው አነስተኛ ማገናኛ ነው፤ አንዱ ጫፍ ስልኩ ቻርጅ በሚደረግበት ቀዳዳ ይገባል፣ በሌላው ማውዙ ይሰካል። ቀስቱ ብቅ ሲል፣ የግራውን ቁልፍ ተጭኖ በመጎተት የመክፈቻውን ንድፍ መሳል ይቻላል። ቀጥሎ ፎቶዎችንና ስልክ ቁጥሮችን ሳይውሉ ሳያድሩ መገልበጥ ነው። አንዳንድ ስልኮች ግን አገልግሎቱ በሴቲንግ ቀድሞ እንዲበራ ይጠይቃሉ፤ ስልኩ ደህና ሳለ መሞከሩ ይበጃል።

ገመድ አልባው የብሉቱዝ ማውዝ መጀመሪያ በስክሪኑ በኩል መጣመር ስላለበት ለተሰበረ ስልክ እምብዛም አይረዳም። አይፎን ላይ ደግሞ ‘አሲስቲቭ ተች’ የተሰኘው አማራጭ አስቀድሞ ካልበራ ማውዝ አይሠራም።