የጭነት አሽከርካሪዎች የሥራ ክህሎት በሁለት ትውልድ፦ ቦዲቲ እንደ ምሳሌ

ቦዲቲ ከወላይታ ሶዶ በስተሰሜን፣ ከሻሸመኔና ከሐላባ በሚመጣው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። ከአካባቢው ገጠር በቆሎና ድንች ወደ ገበያዋ ይገባል፤ ከሱቅ ወደ ሱቅ፣ ከከተማ ወደ ከተማም ዕቃ ይመላለሳል። ይህን የሚያደርሱት አሽከርካሪዎች ግን ሙያውን የተማሩት በአንድ ዓይነት መንገድ አይደለም። ልዩነቱ ሥርዓተ ትምህርት ለሚያዘጋጁ ሁሉ ቁም ነገር አለው።

አንጋፋው ሹፌር የተማረው በረዳትነት ነው። በመጀመሪያ መኪና ያጥባል፣ ጎማ ይፈታል፣ ታኮ ያስገባል፤ ቀጥሎ ጭነት ይደለድላል፣ ሸራ ይወጥራል፣ ገመድ ያስራል። መሪ የሚጨብጠው በመጨረሻ ነው። ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ የተባሉት ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ሳይቀሩ በጋራዥና በመንገድ ላይ በቃል የተላለፉ ናቸው። ወጣቱ ግን በማሠልጠኛ ተቋም ንድፈ ሐሳብና የመንዳት ልምምድ ተከታትሎ፣ ተፈትኖ፣ በቀጥታ ወደ ባጃጅ ወይም ወደ አይሱዙ መሪ ይቀርባል።

የሁለቱን ክህሎት በሚከተሉት ነጥቦች ማነጻጸር ይቻላል።

ሀ/ ቁልቁለት አወራረድ። አንጋፋው ዳገቱን በሚወጣበት ከባድ ማርሽ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ፍሬን ያለማቋረጥ ሲረገጥ በሰበቃ ይግላል፤ ሲግልም የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ወጣቱ ይህን በመማሪያ መጽሐፍ አንብቦታል፤ ሙሉ ጭነት ከኋላው ሲገፋው ግን ላይለማመደው ይችላል።

ለ/ የጭነት አደላደል። ከባዱ ከሥር፣ ቀላሉ ከላይ ካልሆነ ተሽከርካሪው በመታጠፊያ ላይ ይወላገዳል። ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ያለው ባጃጅ ከፍ ያለ ጭነት ሲሸከም የመገልበጥ አደጋው የበረታ ነው። በዚህ ረገድ ረዳት የነበረ ሰው ብልጫ አለው።

ሐ/ ብልሽት መለየት። አንጋፋው ሞተሩን በጆሮው ያውቃል። ይሁን እንጂ የዘመኑ ሞተር በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ በመሆኑ ጆሮ ብቻውን አይበቃም፤ የዳሽቦርድ ምልክቶችን አንብቦ በወቅቱ መቆም የወጣቱ ጥንካሬ ነው።

መ/ ከደንበኛ ጋር መገናኘት። ወጣቱ በስልክ አቅጣጫ ይጠይቃል፣ በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር ሒሳብ ይቀበላል። አንጋፋው በቃሉ የያዘው የመንገድና የሰው ትውውቅ ዋጋ ቢኖረውም፣ በጽሑፍና በመሣሪያ ሲደገፍ ይበልጥ ይጠቅማል።

አንጋፋ ሹፌር አዲስ ነገር አይቀበልም የሚለው አስተሳሰብ በታሪክ አይደገፍም። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስትሸጋገር፣ የዚያን ጊዜ ሹፌሮች የዓመታት ልማዳቸውን ለውጠዋል። በአንጻሩም ወጣቱ ሰነፍ ነው ማለት አያስኬድም፤ የጎደለው የረዳትነት ዘመን ነውና።

ጂን ሌቭና ኤቲየን ዌንገር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደገለጹት፣ የላይቤሪያ ልብስ ሰፊ ደቀ መዝሙር ቁልፍ በመትከል ጀምሮ ጨርቅ ወደ መቁረጥ ይደርሳል። ስሕተቱ ብዙ ጉዳት ከማያደርስበት ሥራ ይጀምራል፤ ከባዱን ሥራ የሚይዘው ሙሉውን ካየ በኋላ ነው። የእኛ ረዳትነትም ሥርዓተ ትምህርት ያልተጻፈለት እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ነበር። በእርግጥ ጉድለት ነበረበት፤ ረዳቱ ያለ በቂ ክፍያ ይደክማል፣ የሹፌሩንም ስሕተት አብሮ ይወርሳል።

የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 600/2000፣ ኋላም የተተካበት አዋጅ ቁጥር 1074/2010፣ ፈቃድን ከሥልጠናና ከፈተና ጋር ማያያዛቸው ተገቢ ነው። ሆኖም ሠልጣኙ ባዶ መኪና እየነዳ ቢመዘን፣ በማግስቱ የሚጠብቀው ሥራ ግን ከነጭነቱ ነው። ስለዚህ በሥልጠናው ውስጥ ጭነት የመደልደል፣ ገመድ የማሰርና ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለት የመውረድ ልምምድ በአንጋፋ ሹፌር መሪነት ሊካተት ይገባል። አንጋፋውም በተራው የመሣሪያና የስልክ አጠቃቀም ከወጣቱ ቢማር ሙያው ይሟላል። በገበያ ቀን መንገድ ዳር ለሚሄደው እግረኛ፣ ይህ ማሟያ የሕይወት ጉዳይ ነው።